ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ላይ ነበር

ጠዋት መካኒሳ አቦ አጠገብ ካለው ክሊኒክ ስደርስ ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር በሰው ተሞልቷል። ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረው መብራት ጎህ ሲቀድ ከልክ በላይ ኃይል ይዞ መጥቶ የክሊኒኩን ዋና ኮምፒውተር አቃጥሎታል። የተቃጠለው ሽቦ ሽታ በር ላይ ተቀበለኝ። መጀመሪያ ያየሁት የኮምፒውተሩን መብራት የሚያመጣጥነውን ስታቢላይዘር ነው። ከሶኬቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ በእሱ ቦታ የሻይ ውሃ ማፍያ ተሰክቷል። እኔ ደግሞ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ። ማነው የነቀለው ብዬ ጮህኩ። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ማፍያውን ነቅዬ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩትና ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ክሊኒኩ ትንሽ ነው። ባለቤቷ በመንግሥት ሆስፒታል ረጅም ዘመን አገልግለው ጡረታ የወጡ ዶክተር ናቸው። የሚያክሙትም በአብዛኛው ለዓመታት ክትትል የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ነው፤ ስኳር ያለበት፣ ደም ግፊት ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት። የሕሙማኑን መረጃ የሚይዘውን ፕሮግራም የሠራንላቸው እኔና ባልደረባዬ ነን። ለቡ መብራት ኃይል አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን እንሠራለን። መብራት በጠፋ ቁጥር በሰፈራችን ስም የምንቀልደው ቀልድ ካለቀብን ቆይቷል።

ዶክተሯ ሥራውን ሲሰጡን አንድ ነገር አጥብቀው ጠይቀውን ነበር። በደብራቸው የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው፤ የምጽዋቱ ሣጥን ደግሞ በአንድ ሰው ቁልፍ አይከፈትም። ቁልፍ ያዦቹ ሁሉ ተገኝተው፣ እያንዳንዱ የራሱን ቁልፍ ሲከፍት ነው ክዳኑ የሚነሣው። የታማሚ ምስጢርም እንደዚያ ይያዝ አሉን። እኛም ለሁለት ተካፈልነው። የማሽኑና መረጃው የሚቀመጥበት የዳታቤዙ መግቢያ እኔ ጋ ሆነ፤ የሕሙማኑ ጽሑፍ የሚቆለፍበት ቃል ባልደረባዬ ጋ ሆነ። የእኔን እሱ አያውቅም፣ የእሱንም እኔ አላውቅም። ወረቀት ላይ እንዳይሰፍር ተማምለናል። ማሽኑ እንደ አዲስ በተነሣ ቁጥር ሁለታችንም ተገኝተን፣ ተራ በተራ ፊታችንን አዙረን የየራሳችንን እንጽፋለን። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚህ ብልኃታችን ስኮራ ነበር የኖርኩት።

ያን ቀን ግን ባልደረባዬ ጀሞ ለቅሶ ላይ ተቀምጧል። አባቱን የቀበርነው ከአንድ ቀን በፊት ነው።

ዶክተሯ ወደ ክፍላቸው ጠሩኝ። ከጠረጴዛው ወዲህ አንዲት እናት ተቀምጣለች፤ የስድስት ዓመት ገደማ የሆነች ልጇ ራሷን ጭኗ ላይ ጥላ ተኝታለች። ልጅቷ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷ ካለቀ አንድ ቀን አልፎታል፤ ጠዋት ታክሲ ውስጥ እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር አሉኝ። እናትየዋ ቤት ስትቀይር የመድኃኒቱ ካርቶን ከቆሻሻ ጋር ተጥሎባታል። ባለፈው ቀጠሮ ልኩ መለወጡን ታስታውሳለች፤ ግማሹ የጠዋቱ ይሁን የማታው፣ ተጨምሮ ይሁን ተቀንሶ ግን ተምታቶባታል። ዶክተሯም ከስንት ሕፃን መካከል የዚችን ልክ በቃላቸው ሊይዙ አይችሉም። ሲያንስ ይጥላታል፣ ሲበዛ ያፈዛታል፣ በግምት አልሰጥም አሉኝ። የድሮዎቹ የወረቀት ካርዶች ቤታቸው ሰርቪስ ውስጥ ተከምረዋል፤ ይቺ ልጅ ክትትል የጀመረችው ካርዱ ከቀረ በኋላ ነው። ያለችው ዲስኩ ላይ ብቻ ነው።

«ከምሳ በፊት ብታገኚልኝ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ዲስኩን ከተቃጠለው ማሽን ፈትቼ ከቢሯችን ባመጣሁት ትርፍ ማሽን ላይ ገጠምኩት። ዲስኩ ደኅና ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ዳታቤዙ የሚሠራው በኮንቴይነር ውስጥ ነው። ኮንቴይነር ስል እናቴ ዛሬም ድረስ የመንገድ ዳር ሱቅ ነው የሚመስላት፤ ሽንኩርት የምሸጥ ይመስል ቦታው ገበያ አለው ወይ ትለኛለች። ብዙም አልተሳሳተች። አንድ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ በራሱ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሣጥኑ ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ቢዛወር እንደነበረ ይሠራል። ሣጥኑ ራሱ ከተበላሸ ይጣልና ሌላ ይተካል። የማይጣለው መረጃው ነው፤ እሱ ከሣጥኑ ውጭ፣ ዲስኩ ላይ በራሱ ቦታ ይኖራል።

ሣጥኖቹን አስነሣኋቸው። ዳታቤዙ ተነሣ። የዶክተሯ መዝገብ የሚታይበት ፕሮግራምም ተነሣ። ከዚያ ፕሮግራሙ ወደ ዳታቤዙ ሊገባ ሲል ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ ፓስወርዱ ልክ አይደለም።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ሣጥኖቹ ሲፈጠሩ ፓስወርዱን የሚያነቡበት ፋይል አለ፤ ትርፉ ማሽን ላይ ያለው የሙከራ ጊዜ ቅጂ እንደሆነ አወቅኩ። የሙከራውን አጥፍቼ ትክክለኛውን ጻፍኩ፣ ሣጥኑን አጥፍቼ አስነሣሁት። ልክ አይደለም አለኝ። እንደገና ጻፍኩ። ፊደል በፊደል አየሁት። ልክ አይደለም አለኝ። በሩ ተንኳኳ፤ ነርሷ ናት፣ ገባ ወይ አለችኝ። አልገባም አልኳት፣ ሳላስበው በቁጣ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ድሮ በካርዱ ጊዜ ይሻል ነበር ሲሉ ሰማኋቸው። እውነት ነው አልኩ በሆዴ።

ስልኬን አውጥቼ እንደማንም ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ። በዚያው ችግር የተያዘ ሰው ሞልቷል። መልሱም አንድ ዓይነት ነው፤ ይህን አንድ መስመር ጻፍ፣ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራል ይላል። መቶ ሰው አመስግኖበታል። ቀድቼ ለጠፍኩት። ጣቴ ማስገቢያው ቁልፍ ላይ ካረፈ በኋላ ነው መስመሩ ጫፍ ላይ ያለችውን አንዲት ፊደል ያየኋት። ያቺ ፊደል ከሣጥኖቹ ጋር መረጃውንም ጥረጊ የምትል ናት።

እጄን ከኮምፒውተሩ አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩት። እነዚያ ያመሰገኑ ሰዎች የሞከሩት ባዶ ዳታቤዝ ላይ ነው፤ ለእነሱ መጥረግ ማለት ጠረጴዛ መወልወል ነው። እኔ ጋ ያለው የዚህ ሁሉ ሰው የዓመታት ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልጅቷም ልክ ነው። መጠባበቂያ ቅጂውም ያለው እዚያው ከመረጃው ጋር ነውና እሱን ይዞ መጽናናት አይቻልም። ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ውሃ ማፍያው አጠገብ ቆሜ እስክረጋጋ ጠበቅኩ።

ስረጋጋ ነገሩ ገባኝ። አንድን ሣጥን አጥፍቶ ማስነሣት ፋይሉን እንደገና አያስነብበውም፤ በተፈጠረ ጊዜ ያነበበውን ይዞ ነው የሚነቃው። እኔ ፋይሉን ሳርም የቆየሁት አሮጌውን ቃል በያዘ ሣጥን ፊት ነው። መጣል ያለበት ሣጥኑ ብቻ ነው። ያቺን ፊደል አጥፍቼ፣ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሜ አንብቤ፣ በስመ ሥላሴ ብዬ ተጫንኩት። ሣጥኖቹ ወረዱ። አዲሶቹ ተፈጠሩ። ፕሮግራሙ ገባ።

የልጅቷን የመዝገብ ቁጥር ጻፍኩ። ገጿ ተከፈተ። ስሟ ባለበት፣ ዕድሜዋ ባለበት፣ ልኩ ባለበት ቦታ ሁሉ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ዝብርቅርቅ ተደርድሯል። ከላይ አንድ ባዶ የመጻፊያ ቦታ ቁልፉን አስገባ ይላል። የባልደረባዬ ተራ ነው።

እንደሚመጣ ከጠዋት ጀምሮ አውቀው ነበር። አንዱን ችግር ሳልፈታ ሌላውን ላላስብ ብዬ ነው የገፋሁት፤ አሁን የምገፋበት ቀረ። ደወልኩለት። ስልኩ ዝግ ነው። ዶክተሯ ጋ ገብቼ ነገርኳቸው። ባለ ሁለት ቁልፉን ሐሳብ ያመጡት እሳቸው ናቸውና ወዲያው ገባቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ትናንት አባቱን የቀበረ ልጅ እንዴት ተደርጎ ነው ሥራ የሚጠየቀው?» አሉ። ከዚያ ልጅቷን አዩ። እናትየዋም እኔን ታየኛለች፤ ምን እንደምንባባል ባይገባትም ተስፋዋ የእኔ እጅ ላይ መሆኑ ገብቷታል። «ሂጂ» አሉኝ ዶክተሯ። «እኔ ልኬሽ ነው በይ።»

የጀሞ ታክሲ ውስጥ ላፕቶፔን ታቅፌ ተቀመጥኩ። መንገዱ ተዘጋግቷል፤ ረዳቱ ጠጋ በሉ ይላል፣ ሹፌሩ ክላክስ ላይ ተኝቷል። እኔ የምጨነቀው ስለ መንገዱ ብቻ አልነበረም፤ እንዴት ብዬ እጀምራለሁ የሚለው ነው የበላኝ። ለቅሶ ቤት የሚባለው የታወቀ ነው። እግዚአብሔር ያጽናህ ይባላል፣ ይቀመጣሉ፣ ዝም ይባላል። ሐዘንተኛው ራሱ ካላወራ ማንም አያወራውም። ፓስወርድህ ምንድነው ተብሎ የማይጠየቅበት አንድ ቦታ በዓለም ላይ ካለ፣ እሱ ለቅሶ ቤት ነው።

ድንኳኑ በሁለት የኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል ተተክሏል። ላፕቶፔን በነጠላዬ ሸፍኜ ገባሁ፤ የሰረቅኩት ዕቃ ነበር የሚመስለው። ባልደረባዬ ከዳር ፍራሽ ላይ ጥቁር ለብሶ ተቀምጧል፤ ጢሙን አልተላጨም፣ ዓይኑ አብጧል። ከጎኑ አክስቱ አሉ፤ ከትናንት ጀምሮ ከእሱ አልተለዩም። እግዚአብሔር ያጽናህ አልኩት፤ ራሱን ነቀነቀልኝ። ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ንፍሮ ሰጡኝ፤ መዳፌ ውስጥ ይዤው ቀረሁ። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። አሁን እናገራለሁ እላለሁ፣ አዲስ ለቀስተኛ እያለቀሰ ይገባል፣ እኔም እተወዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም። ስናገርም ክፉ ነኝ፣ ዝም ስልም ክፉ ነኝ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ከዶክተሯ ነው። ልጅቷ መለስተኛ መንቀጥቀጥ አሳይታ ቆመላት፣ አጠገቤ ናት፣ ፍጠኚ የሚል ነው።

ተነሥቼ ባልደረባዬ ፊት በርከክ አልኩ። አፌን ሳልከፍት አክስቱ ላፕቶፑን አዩት። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ፤ ለስለስ ያለ እጅ ነው፣ ግን ይገፋል።

«ልጄ፣ አባቱን ትናንት ነው የቀበረው። ሥራችሁ አንድ ቀን አይታገሥም?»

«ሥራ አይደለም እናቴ። አንዲት ሕፃን ናት» አልኳቸው። ንፍሮው ከእጄ ፍራሹ ላይ ፈሰሰ፤ እየለቀምኩ የልጅቷን ነገር ነገርኳቸው፣ ለእሳቸው ይሁን ለእሱ ሳላውቅ።

ባልደረባዬ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ማሽኑ ምን ሆኖ ነው?»

«ተቃጠለ። ሌላ ላይ አስነሥቼዋለሁ። የእኔ ገብቷል። የቀረው ያንተ ነው።»

አክስቱን እጃቸውን ሳመና ተነሣ። ከድንኳኑ ጀርባ ባለው የሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ላፕቶፑን በስልኬ ኢንተርኔት ከክሊኒኩ ጋር አገናኘሁት፤ ባዶው የመጻፊያ ቦታ መጣ። እንደ ልማዳችን ፊቴን አዞርኩ። የፊደል ሰሌዳው ድምፅ ግን አልተሰማም። ዞር ስል እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ያለቅሳል።

«የአባቴ የክርስትና ስም ነው» አለኝ።

እሱ ቀጠለ። ቃሉን ሲመርጥ ማንም የማይገምተው ነገር ፈልጎ ነበር። የአባቱን የክርስትና ስም የሚያውቁት አባቱ ራሱ፣ ነፍስ አባቱና እሱ ብቻ ነበሩ፤ በሰፈሩም በሥራ ቦታውም ማንም በዚያ ስም ጠርቶት አያውቅም። ከዚህ የበለጠ ምስጢር ከየት ይመጣል ብሎ ነው።

«ትናንት ፍትሐቱ ላይ ካህኑ ሲጠሩት ደነገጥኩ» አለኝ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ የአባቴ ነፍስ አይደለም። ፓስወርዱ ነው።»

እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ። ከሴቶቹ መካከል ቆሜ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ተከብቤ፣ ካህኑ ያን ስም ደጋግመው ሲጠሩ በጆሮዬ አልፏል። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል። የክርስትና ስም ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ብቻ የሚደበቅ መሆኑን ከሁለታችን አንዳችንም አላሰብንም። ስሙን ለማስታወስ ብሞክር ግን አልመጣልኝም፤ ቀብር ላይ ቆሜ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።

እጁን አንስቶ መጻፍ ጀመረ። ፊቴን አዞርኩ። ልክ አይደለም የሚለውን የላፕቶፑን ድምፅ ሰማሁ። ፊደል ስቼ ነው፣ ቆይ አለኝ። እንደገና ሲጽፍ ስሙን ሲያንሾካሹክ ሰማሁ፣ ቃሉ ሳይለይልኝ፤ ለሚጽፍበት ማሽን ሳይሆን አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው የሚያወራ ይመስል።

«ገብቷል» አለኝ።

የልጅቷን ገጽ ከፈትኩ። ዝብርቅርቁ ወደ አማርኛ ተመልሷል፤ ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ ክብደቷ፣ የጠዋቱ ልክ፣ የማታው ልክ። ዶክተሯ ጋ ደውዬ አነበብኩላቸው። ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ አሉኝ፤ ደገምኩላቸው። የማታው ነው የጨመርኩት፣ አስታወስኩት አሉ። ስልኩን ሳይዘጉ ለእናትየዋ ሲነግሯት ሰማሁ። እናትየዋ ምን እንደመለሰች አልሰማሁም፤ ማልቀሷን ግን ሰምቻለሁ። እኔም ደረጃው ላይ አለቀስኩ፣ ለማን እንደሆነ ሳልለይ። ለቅሶ ቤት ነው፤ ማንም ምን ሆነሽ አላለኝም።

ላፕቶፑን ስዘጋ የሥራ ነገር አይለቅምና፣ ቃሉ መቀየር እንዳለበት ነገርኩት። የአባቱ ስም መሆኑን አውቄያለሁ፤ ስሙንም ብዙ ሰው ሰምቶታል። በደንባችን መሠረት የዚያኑ ቀን ነበር መቀየር ያለበት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እስከ አርባው ይቆይ።»

በሌላ ቀን ቢሆን እከራከረው ነበር፤ ደንብ ሲጣስ አልወድም። ያን ቀን ግን እሺ አልኩት። ዶክተሯም ስነግራቸው እሺ ነው ያሉት።

በመካከሉ መብራቱ እንደ ልማዱ እየጠፋ ማሽኑን አስነሣን። በተነሣ ቁጥር ከጀሞ መካኒሳ እየመጣ ይጽፈው ነበር፤ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። ከዚያ ጠዋት በኋላ ደግሞ ስታቢላይዘሩን የነካ የለም።

አርባው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወደ ክሊኒኩ መጣ፤ ጥቁር ልብሱን አላወለቀም። ዶክተሯ ክፍላቸውን ለቀውልን ወጡ። ቃሉን የሚቀይረው ገጽ መጀመሪያ የድሮውን ይጠይቃል፣ ከዚያ አዲሱን ሁለት ጊዜ። ፊቴን አዞርኩ። የድሮውን ሲጽፍ በጣም ቆየ፤ እያንዳንዱ ፊደል ሲነካ ለብቻው ይሰማኝ ነበር። አዲሱን ሁለቱንም ጊዜ ቶሎ ጨረሰው።